አፑ በቀን 1,340 ካሎሪ ብላ አለኝ፤ ለመሆኑ የአንድ ሰው ሰውነት ስንት ይፈልጋል?

ባለባጃጁ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቴ ባለፈው ሳምንት ስመዘን 84 ኪሎ። ባጃጅ ከመያዜ በፊት የግንበኛ ረዳት ነበርኩ፤ ያኔ 66 ኪሎ ነበርኩ።

ባለፈው ወር ሌሊት ሌሊት ውሃ ጥም እየቀሰቀሰኝ ሲያስቸግረኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ በባዶ ሆዴ ስኳሬን ተለካሁ፤ 112 መጣ። «ገና በሽታው አልያዘህም፣ ግን አፋፉ ላይ ነህ፤ ክብደት ቀንስ» ብለው ሸኙኝ። እንዴት እንደምቀንስ ግን አንድ ቃል የነገረኝ የለም።

ጓደኛዬ ስልኬ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫነልኝ። ዕድሜና ክብደቴን ሞላሁ፤ «በቀን 1,340» የሚል ቁጥር አወጣ። ሦስት ቀን ታገልኩ። በሦስተኛው ቀን ከመናኸሪያ ሰው ጭኜ ወደ አቶቴ ስሄድ እጄ መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላ ሁለት ሴቶችና አንድ ሕፃን አሉ። ዳር ያዝኩና ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ፤ ከጉሊት ሁለት ሙዝ ገዝቼ እዚያው ቆሜ በላሁ። ሕፃኑን ሳይ የደነገጥኩት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ደግሞ አፑ ውስጥ እንጀራ ብዬ ስፈልግ አንዱ ቦታ 90፣ ሌላው ቦታ 380 ይላል። የቱን ልመን? የሚያውቅ ሰው ከመሠረቱ ያስረዳኝ። ይሄ ካሎሪ የሚባለው ምንድን ነው? ለእኔ ቢጤ ሰውስ በቀን ስንት ይበቃል?


የፊዚክስ መምህር (ጡረታ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡55

ልጄ፣ ዳር ይዘህ መቆምህ ትልቅ ነገር ነው።

ካሎሪን ብዙ ሰው እንደ ስብና እንደ ስኳር ምግቡ ውስጥ ያለ ነገር ያደርገዋል። ካሎሪ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ መለኪያ ነው፤ የሚለካውም ጉልበትን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ እንዲል የሚያስፈልገው ጉልበት አንድ ኪሎ ካሎሪ ይባላል። የምግብ ማሸጊያው ላይም ሆነ አፕህ ላይ «ካሎሪ» እየተባለ የሚጻፈው ይኸው ኪሎ ካሎሪ ነው፤ «ኪሎ» የምትለዋን በልማድ ጥለዋታል። በኪሎ ጁል የተጻፈ ካጋጠመህ ለ4.184 አካፍለው።

እዚሁ በከተማችን ላሳይህ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። 20 ዲግሪ የነበረ አንድ ሊትር ውሃ እስኪፈላ 74 ኪሎ ካሎሪ ይወስዳል። አንድ ጎልማሳ በቀን 2,400 ቢያወጣ 32 ሊትር ውሃ ያፈላል፤ አንድ ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰውነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ያወጣዋል፤ ሲካፈል 116 ዋት ይመጣል። ሳስተምር ስልሳ ተማሪ የተቀመጠበት ክፍል መስኮት ሲዘጋ ለምን እንደሚሞቅ የማስረዳው በዚህ ነበር። ስልሳ ልጅ ማለት ሁለት ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰክቶ እንደመዋል ነው።

ምግብ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በደንብ የለካው ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው፤ ዘመኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነበር። ምግቡን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እያቃጠለ ሙቀቱን ለካ፤ ሰውንም በአንዲት ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የሚያወጣውን ሙቀት ለካ። በሰገራና በሽንት የሚወጣውን ቀንሶ ያገኘው ቁጥር ዛሬም ይሠራበታል። ካርቦሃይድሬት በግራም 4፣ ፕሮቲንም 4፣ ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አልኮል 7 ነው። እነዚህን ቁጥሮች በቃልህ ያዝ፤ ኋላ ስለ ዘይት ስናወራ ትፈልጋቸዋለህ።


ሲስተር ታቦር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡30

ሰላም ወንድሜ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የምግብ ምክር መስጠት ሥራዬ ነው። ያንተን ሒሳብ አብረን እንሥራው።

ሰውነት ጉልበት የሚያወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ትልቁ ድርሻ ምንም ሳትሠራ ተኝተህም የሚወጣው ነው። ልብ ይመታል፣ ኩላሊት ያጣራል፣ ጉበት ይሠራል፤ አንጎል ክብደቱ ከሰውነታችን 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም በዕረፍት ከሚወጣው ውስጥ 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይበላዋል። ሁለተኛው የበላነውን ለመፍጨትና ለማዋሃድ የሚወጣው ሲሆን ከጠቅላላው 10 በመቶ አካባቢ ነው። የቀረው እንቅስቃሴ ነው፤ ከሰው ሰው በጣም የሚለያየው እሱ ነው።

የዕረፍቱን ለማስላት እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመውን የሚፍሊንና ሴንት ጆር ቀመር እንጠቀማለን። ክብደትህን በኪሎ በ10 አባዛ፤ ቁመትህን በሴንቲ ሜትር በ6.25 አባዝተህ ደምር፤ ዕድሜህን በ5 አባዝተህ ቀንስ። ወንድ 5 ይደምራል፣ ሴት 161 ትቀንሳለች። ያንተ 840 ሲደመር 1,075፣ ሲቀነስ 180፣ ሲደመር 5፤ 1,740 መጣ። ይህ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ብትውል ነው።

ቀጥሎ በሥራህ ዓይነት ታባዛዋለህ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ባወጡት መሠረት ተቀምጦ የሚውል ሰው ማባዣው ከ1.40 እስከ 1.69፣ ሲንቀሳቀስ የሚውል ከ1.70 እስከ 1.99፣ ከባድ ሥራ የሚሠራ ከ2.00 እስከ 2.40 ነው። ባጃጅ ላይ የሚቀመጥ ሰው 1.4 ይበቃዋል፤ ስለዚህ የቀን ፍጆታህ 2,440 ገደማ ነው።

አሁን ወደ ግንበኛ ረዳትነት ዘመንህ እንመለስ። 27 ዓመትህ፣ 66 ኪሎ። ዕረፍቱ 1,605 ይሆናል። አሸዋና ብሎኬት ስትሸከም ስለምትውል በ2.1 ሲባዛ 3,370። ልዩነቱን አየኸው? ሰውነትህ በየቀኑ ከ900 በላይ ያነሰ ጉልበት መጠቀም ጀመረ፤ ትሪው ግን ያው የድሮው ትሪ ነው። ብዙ ሰው «ምን በላሁና ወፈርኩ» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ የተለወጠው ሥራው ነው።

አፑ 1,340 ያለህ «በሳምንት አንድ ኪሎ መቀነስ እፈልጋለሁ» የሚለውን ስለመረጥክ መሆን አለበት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። ለ7 ቀን ሲካፈል 1,100፤ ከ2,440 ላይ 1,100 ሲነሳ 1,340። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ጥድፊያው ግን ሰው ጭኖ ለሚያሽከረክር አይሆንም። አንተ ከ2,440 ላይ 400 ወይም 450 አንሳና 2,000 ላይ ቁም። በሳምንት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ይቀንሳል፤ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው አፋፉ ላይ ከነበሩት ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተጉት ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 7 በመቶ ላንተ 6 ኪሎ ነው። 78 ኪሎን ግብህ አድርግ፤ ወደ 66 ለመመለስ ብለህ አትንገላታ። የሌሊቱ ውሃ ጥም ካልተወህ ግን ተመልሰህ ተመርመር።


ባለባጃጁ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡48

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያንን የ900 ልዩነት ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆዳም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ጋሼም ተባረኩ።


ማለዳ ሯጭ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡20

ወንድሜ፣ ዋናው ነገር እንቅስቃሴ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ና፤ የሐይቁን ዳር ይዘን በእግር እንሄዳለን፣ ሩጫ እያልኩህ አይደለም። ከ30 ዓመት በኋላ ሰውነት ማቃጠሉን ስለሚያቆም ምግብ ብቻ በመቀነስ አይሆንም።


ሲስተር ታቦር፣ ረቡዕ ከቀኑ 6፡35

በመራመዱ እስማማለሁ፤ ስለ 30 ዓመቱ ግን ላርም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ከ29 አገር የመጡ ከ6,400 በላይ ሰዎች ተለክተውበታል፤ ትንሹ ስምንት ቀን የሆነው ጨቅላ፣ ትልቁ የ95 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ከሰውነት መጠን ጋር ሲነጻጸር ከ20 እስከ 60 ዓመት ፍጆታችን ያው ነው፤ ከ60 በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚወርደው። ለሠላሳዎቹ ውፍረት ዕድሜን ከመክሰሳችን በፊት መቀመጫችንንና ዘይታችንን እንይ።

የመራመዱንም ልክ እንወቀው። 84 ኪሎ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት አንድ ሰዓት ቢራመድ፣ ቁጭ ብሎ ከሚያወጣው በላይ የሚጨምረው 210 ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ፣ 200 ግራም አቮካዶና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ካለበት፣ ከ400 ያልፋል። መራመድ ለልብም፣ ለስኳርም፣ ለእንቅልፍም ጥሩ ነው፤ ጁሱን ግን አያካክስም።


ፈትል፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2፡05

እኔ ደግሞ የምጽፈው በተቃራኒው ነው። 24 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60። ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ክፍል ቆሜ ነው የምሠራው፤ ከሥራ ወደ ቤትም 40 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። ከመጋቢት በፊት 52 ኪሎ ነበርኩ። «ሴት ልጅ በቀን ከ1,000 ካሎሪ በላይ ከበላች ሆድ ታወጣለች» የሚል ቪዲዮ አየሁና ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ ብቻ መብላት ጀመርኩ። የምሳዬን ብር እናቴ ጋ እልክ ስለነበር ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ መስሎኝ ነበር።

አሁን 44 ኪሎ ነኝ። የወር አበባዬ ሦስት ወር ቀረ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ በጭብጥ ይወጣል። በዚህ በሐዋሳ ሙቀት ሹራብ እለብሳለሁ። መርፌ ላይ ዓይኔን ሳሳርፍ ጨርቁ ይዋኝብኛል። የባለባጃጁን ጽሑፍ ሳነብ ነው እኔም በሰው ፊት መናገር እንዳለብኝ የተሰማኝ። ሲስተር፣ የእኔ ስንት ነው?


ሲስተር ታቦር፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2፡40

እህቴ፣ ስለጻፍሽ ደስ ብሎኛል። በ52 ኪሎሽ ብናሰላው 520 ሲደመር 1,000፣ ሲቀነስ 120፣ ሲቀነስ 161፤ 1,239። ያ ተኝተሽ ብትውዪ ነው። ቆመሽ ሠርተሽ ተራምደሽ ስለምትገቢ በ1.7 ሲባዛ 2,100 ይሆናል። የዚያ ቪዲዮ 1,000 ልብሽንና ጉበትሽን እንኳ አይችልም። ሰውነት ሲጎድልበት መጀመሪያ የሚቆጥበው ለዛሬ የማያስፈልገውን ነው፤ የወር አበባን ያቆማል፣ ፀጉርን ይለቃል፣ ሙቀትን ይቀንሳል። ሹራቡ ከዚያ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ረሃብ አቆይቷቸው ነበር። ይሰጣቸው የነበረው በቀን በአማካይ 1,570 ያህል ነው። ክብደታቸው ወደ ሩብ የሚጠጋ ወረደ፤ ይበርዳቸው፣ ያዞራቸው፣ ይነጫነጩ ነበር፤ ቀንም ሌሊትም የሚያስቡት ምግብ ብቻ ሆነ። ቁጥሩን አስተውዪ፤ ለባለባጃጁ አፑ ካዘዘለት ይበልጣል።

44 ኪሎ በአንቺ ቁመት ሲሰላ ቢኤምአይሽ፣ ማለትም ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል፣ 17.2 ይመጣል፤ ከ18.5 በታች የሆነ ዝቅተኛ ነው። የወር አበባ ሦስት ወር ሲቀር ደግሞ መታየት ያለበት ነገር ነው። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂና የደም ማነስም ይታይልሽ። ምግቡን በአንዴ አታብዢው፤ ከነገ ጀምረሽ ምሳ ጨምሪ፣ ቀጥሎ መክሰስ። ምሳ መያዝ ካስቸገረሽ ቆሎና ለውዝ ቋጥሪ። 50 ግራም ለውዝ ብቻውን 280 ይሰጣል፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። እናትሽ ብሩን ይወዱታል፤ አንቺን ግን ይበልጥ።


የሦስት ልጆች እናት፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡15

ፈትል፣ እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ሁለተኛዋን ሳጠባ ወፈርኩ ብዬ ምግብ ቀንሼ ጡቴ ደርቆብኝ ያውቃል። የሚያጠቡ እናቶች እዚህ ካላችሁ፣ ለወተቱ በቀን 500 ያህል ተጨማሪ እንደሚያስፈልግ ያኔ ነበር የተነገረኝ፤ የክብደት መቀነሱን ነገር ለኋላ አቆዩት።

ወደ እንጀራው ልመለስ። ባለባጃጁ፣ አፑ 90 ያለህ ምናልባት ውጭ አገር በመጥበሻ የሚጋገረውን መዳፍ የምታህለውን ነው። የእኛ ቤት እንጀራ ምጣዱን ሙሉ ነው፤ የእያንዳንዱ ቤት ምጣድና የሊጥ ውፍረትም ይለያያል። ስለዚህ እንጀራውን ትተህ ዱቄቱን ቁጠር። ውሃና እሳት ካሎሪ አይጨምሩም። አንድ ኪሎ ዱቄት 3,600 ገደማ አለው። ባለቤትህ ስትጋግር ስንት ኪሎ እንዳቦካች ጠይቅ፤ የወጣውን እንጀራ ቁጠርና አካፍል። እኔ ለወጥም የማደርገው እንደዚሁ ነው፤ ድስቱ ውስጥ የገባውን ሽሮና ዘይት ነው የምይዘው።


ባለባጃጁ፣ እሑድ ከምሽቱ 1፡30

አደረግነው። ቅዳሜ ባለቤቴ 5 ኪሎ ጤፍ አብኩታ ስለነበር ሥራ ትቼ አጠገቧ ዋልኩ። እሷ ታሰፋለች፣ አክንባሎውን ትገጥማለች፤ እኔ ሰፌዱ ላይ የወጣውን በደብተር ላይ እጽፋለሁ። እርሾው ተቀንሶ፣ አብሲት ተጥሎ፣ በመጨረሻ 31 እንጀራ ሆነ። 18,000 ሲካፈል ለ31፣ ለአንዱ 580 መጣ! አምስቱን ወስጄ ባለ ሱቁ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው፤ አንዱ በአማካይ 380 ግራም ነው። እኔ በምሳ ሁለት፣ በእራት አንድ ተኩል ነበር የምበላው። ሦስት ተኩሉ ከ2,000 በላይ ነው፤ ወጡ፣ ዳቦው፣ ስኳሩ ገና አልገባም።

ሌላውንም ጻፍኩት። በቀን አራት ጊዜ ሻይ ወይም ማኪያቶ እጠጣለሁ፣ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር። አሥራ ሁለት ማንኪያ በ4 ግራም 48 ግራም፣ 190 ካሎሪ። ከሰዓት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ 125 ያህል። ተሳፋሪ ስጠብቅ የምወስዳት ጁስ ደግሞ ሲስተር ያሉት 400። እነዚህ ሦስቱ ብቻ 700 አለፉ፤ አንዱም ሆዴን አልሞላውም።

አሁን ያደረግኩት ይሄ ነው። ስኳር አንድ ማንኪያ፣ ለስላሳ የለም፣ ጁስ ቅዳሜ ብቻ ያለ ስኳር። ምሳ ላይ አንድ እንጀራ ተኩል፣ ማታ አንድ፤ ጎኑን በጎመንና በምስር ሞላሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጤፉ ሲወደድ ባለቤቴ በቆሎ ትቀላቅላለች። ያኛው ካሎሪው ይበዛል ወይስ ያንሳል?


የፊዚክስ መምህር (ጡረታ)፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡10

ጎበዝ! እንዲህ ነው ልኬት። ሊጡ ሲቦካ ተሐዋስያኑ ትንሽ ስለሚበሉ፣ እርሾውም ሲቀነስ ትንሽ ስለሚወስድ 580ውን 550 ብለህ ብትይዘው ይሻላል።

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ሁሉም ደረቅ ዱቄታቸው በ100 ግራም ከ340 እስከ 370 መካከል ነው። በጉልበት በኩል የነጭና የቀይ ጤፍ፣ የበቆሎ ድብልቁም ያው ነው። የጤፍ ብልጫው በብረት፣ በካልሲየምና በአሠር ነው። ስለዚህ ባለቤትህ ስትቀላቅል ጉልበት አላጎደለችባችሁም።


የሎቄ ልጅ፣ ሰኞ ከቀኑ 7፡00

እኛ ቤት እንጀራ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ የቀረው ከእንሰት የሚሠራው ዋሳ ነው። ቡርሳሜ፣ በቅቤ የታሸውን ዋሳ፣ ያልበላ ሰው ሐዋሳ ኖሬያለሁ አይበል። የዋሳው ዋና ነገር ካርቦሃይድሬት ነው፣ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ። አያቴ ከጎኑ ወተት ወይም ቦሎቄ ሳታስቀምጥ ለልጆች አትሰጥም ነበር፤ ትምህርት ቤት «ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» ሲሉን እሷን ነበር የማስባት። ለከባድ ሥራ ቡርሳሜ የሚያህል የለም። ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ግን ቅቤውን ማየት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከ110 በላይ አለው፣ እኛ ደግሞ በማንኪያ አንለካም።

ዓሣስ? አሞራ ገደል አጠገብ ስለምሠራ ምሳዬ ሁሌ ቆሮሶ ጥብስ ነው።


ሲስተር ታቦር፣ ሰኞ ከምሽቱ 1፡45

ቆሮሶ ሳይጠበስ 100 ግራሙ 100 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው፣ 20 ግራሙ ፕሮቲን። ከዚህ የተሻለ ነገር በከተማችን በዚህ ቅርበት አታገኝም። ዘይት ውስጥ ሲነከር ነው የሚለወጠው። ሾርባውን ወይም ወጡን አዘውትር፣ ጥብሱን ለአንዳንድ ቀን አድርገው።


እንግዳ፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡20

እኛ አምስት ሆነን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ጉርሻም አለ። ማን ምን ያህል እንደበላ በምን ይታወቃል? ደግሞ ባለፈው ሁዳዴ ሥጋና ቅቤ ሳልነካ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ።


ባለባጃጁ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡30

ይሄን ጥያቄ እኛም ቤት ተነጋግረንበታል። ትሪውን ለብቻ መክፈል ባለቤቴም አልወደደችው፣ እኔም። ስለዚህ ትሪውን ትተን የወሩን አስቤዛ ቆጠርን። እኛ አራት ነን፤ ልጆቹ ዘጠኝና አምስት ዓመታቸው ነው። በወር 25 ኪሎ ጤፍ፣ 4 ኪሎ ሽሮ፣ 4 ኪሎ ስኳር፣ አንድ ባለ 5 ሊትር ዘይት። ጤፉ ለቀን 3,000፣ ሽሮው 480፣ ስኳሩ 520። ዘይቱን 5 ኪሎ ብዬ በ9 ሳባዛ 45,000 ሆነ፣ ለቀን 1,500።


የፊዚክስ መምህር (ጡረታ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡50

አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይሞላም፤ 920 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አምስቱ 4.6 ኪሎ፣ 41,400፣ ለቀን 1,380። ቢሆንም የደረስክበት አይለወጥም። ቤታችሁ ውስጥ ከጤፍ ቀጥሎ ትልቁ የጉልበት ምንጭ ያ ቢጫ ጀሪካን ነው። እንግዳ፣ የሁዳዴህም መልስ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ ገባ፤ ለሆድ ሁለቱም ስብ ናቸው፣ በግራም 9።


ባለባጃጁ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡05

አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ደብተሬ ላይ አረምኩት። ባለቤቴ በራሷ መላ አመጣች። ዘይቱን ከጀሪካኑ ወደ ድስት መገልበጥ ትታ በቡና ስኒ እየሰፈረች ነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በራሱ ውሃ ታቁላላዋለች፣ ዘይቱ ኋላ ይገባል። በዚህ ወር በ3 ሊትር ለመጨረስ አስባለች። ሁለት ሊትር ስንቀንስ ለእያንዳንዳችን በቀን 138 ይቀንሳል። ለልጆቹ ግን ሲስተር፣ ልቀንስባቸው ወይ?


ሲስተር ታቦር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡40

አይደለም። ልጆች እያደጉ ነው፤ ሆዳቸው ትንሽ ስለሆነ በጥቂት ምግብ ውስጥ ብዙ ጉልበት ይፈልጋሉ። የእነሱ ድርሻ ላይ ዘይትም ቅቤም፣ እንቁላልም፣ አቮካዶም ይጨመር። ስኳሩንና ለስላሳውን ብቻ አብረው ይተዉት።


ስኳር 12 ዓመት፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡00

አንድ ነገር ላሳስብ። እኔ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ይህን ክር አንብባችሁ እንደ እኔ መርፌ ወይም አንዳንድ የስኳር እንክብል የምትወስዱ ሰዎች ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምግብ እንዳትቀንሱ። መድኃኒቱ ባለበት ሆኖ ምግቡ ሲያንስ ስኳር በድንገት ይወርዳል። እኔ አንዴ ፒያሳ መሃል ወድቄ ሰዎች ሰክሯል ብለው አልፈውኛል። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ከረሜላ አያጣም።


ፈትል፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡15

ሲስተር፣ 46 ኪሎ ተኩል ደረስኩ። ደም ማነስ ተገኘብኝ፣ የብረት እንክብል እየወሰድኩ ነው። ምሳ እበላለሁ። የወር አበባዬ ገና ነው፤ ታገሺ ብለውኛል። ሹራቡን አውልቄያለሁ። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ብሩን መልሳ ላከችልኝና ስልክ ላይ አለቀሰች።


ባለባጃጁ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡00

ፈትል እህቴ፣ ባለቤቴ ይህን አንብባ የአንቺን ምሳ እኔ ላብስልላት አለች፤ ከልቧ ነው። ሰፈራችን ለሥራሽ የሚቀርብ ከሆነ በውስጥ መልእክት ጻፊልን።

እኔ ዛሬ ጠዋት 81 ኪሎ ከ800 ግራም ነኝ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ከማለዳ ሯጭ ጋር ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን አርባ ደቂቃ እንራመዳለን፤ ሁለት ሌሎች ሾፌሮችም መጥተዋል። የሌሊቱ ውሃ ጥም ቀርቷል። ስኳሬን በሦስተኛው ወር ላይ ደግሜ እለካለሁ፣ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ። ዘይቱ 3 ሊትር ላይ አልቆመም፤ እንግዳ መጥቶብን 3 ሊትር ተኩል ሄደ።

ሲስተር፣ ክብደቴ ሲወርድ ቀመሩ ውስጥ የማስገባው አዲሱን ክብደት ነው አይደል? በ81.8 ስሠራው ዕረፍቱ 1,718፣ የቀኑ 2,405 መጣልኝ።


ሲስተር ታቦር፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡25

አዎ፣ አዲሱን ነው። ልክ ሠርተኸዋል። አርባ ደቂቃውን በየቀኑ ከያዝከው ማባዣህን 1.5 አድርገው፤ 2,577 ይመጣል። በ2,000 ላይ ሆነህ መራብ ከጀመርክ አንድ እንቁላል ወይም አንድ ጭልፋ ምስር ጨምር፣ አትፍራ።